ወረዳው ሲዘጋ ሞትን ማን ይመዘግባል?

እስቲ የ2016 ዓ.ም.ን የፋሲካ ሰሞን መለስ ብላችሁ አስታውሱ። ረቡዕ ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ነበር፤ መሥሪያ ቤት ዝግ። ሐሙስ ተከፈተ። ዓርብ ሚያዝያ 25 ስቅለት፤ እንደገና ዝግ። ቅዳሜ ቢከፈት እንኳ ለግማሽ ቀን ነው። እሑድ ሚያዝያ 27 ደግሞ ፋሲካና የአርበኞች የድል በዓል በአንድ ቀን ዋሉ። ከረቡዕ እስከ እሑድ ባሉት አምስት ቀናት ውስጥ ሙሉ የሥራ ቀን የነበረው ያ ሐሙስ ብቻ ነው ማለት ነው።

አሁን አንድ ነገር እንገምት። ካዛንቺስ ውስጥ፣ እናንተ በምታውቁት ዓይነት ግቢ፣ አንዲት አዛውንት ጎረቤት ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አረፉ። ወረዳው በስቅለት እንደተዘጋ ነው። መዝገቡን የሚሞላው ሠራተኛም እንደ ሰው ሁሉ ዶሮና ሽንኩርት ፍለጋ ላይ ነው። ሬሳ ግን ሰኞን አይጠብቅም። ሌሊቱን ለእድር ይነገራል፣ ጠዋት ድንኳን ይተከላል፣ ሣጥን ይገዛል፣ መቃብር ይቆፈራል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቀብሩ አለቀ፤ ለቀስተኛው ንፍሮ ቀምሶ ተበተነ። ሰኞ ጠዋት ወረዳው ሲከፈት፣ በመንግሥት መዝገብ እኒያ እናት ገና በሕይወት አሉ።

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ሞት መንግሥት አያውቀውም። ሳምንት ሊያልፍ ይችላል፤ ዓመት ሊያልፍም ይችላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ ሳያውቀው ይቀራል።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ጥያቄ ቀላል ነው፦ ሥራው የማይቆም ከሆነና ቢሮው ግን የሚዘጋ ከሆነ፣ ምን ማድረግ ይቻላል? አዲስ አበባ ለዚህ ጥያቄ አንድ ሳይሆን በርካታ መልሶች አሏት። አንዳንዶቹ ከመንግሥት መዝገብ በብዙ ዘመን ይቀድማሉ። ተራ በተራ እንያቸው።

አስቀድሞ የሚሠራ ቢሮ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ በሰሙነ ሕማማት ጸሎተ ፍትሐት አይደረግም። ሳምንቱ የክርስቶስ ሕማም ብቻ የሚታሰብበት ነው። ታዲያ በዚያ ሳምንት የሚሞተው ምእመን ምን ይሁን? ሞት መቼም ለሕማማት ብሎ አይቀርም።

መልሱ ከሳምንቱ በፊት ይመጣል። በሆሳዕና ዕለት፣ በመጪው ሳምንት ለሚያርፉ ሁሉ ፍትሐቱ አስቀድሞ ይደረግላቸዋል። በ2016 ዓ.ም. ሆሳዕና የዋለው ሚያዝያ 20 ነበር። ያን ቀን ዘንባባውን በጣቱ አስሮ ከቆመው ሕዝብ መካከል በሳምንቱ ውስጥ ማን እንደሚጠራ የሚያውቅ አልነበረም። ጸሎቱ ግን ለዚያ ላልታወቀው ሰው ደርሷል። ቅዳሜ የተቀበሩት የኛ አዛውንት ጎረቤት ፍትሐታቸው ያለፈው እሑድ ተፈጽሟል ማለት ነው።

እምነታችሁ ምንም ይሁን ምን፣ ነገሩን እንደ አሠራር ብቻ እዩት። አገልግሎቱ የሚቋረጥበት ጊዜ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ስለዚህ ሥራው ከመቋረጡ በፊት ይሠራል። ይሄ የመጀመሪያው መልስ ነው።

በእስልምና ያለው መልስ ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱም ፍጥነት። ጀናዛ አይዘገይም። በ1967 ዓ.ም. መውሊድ፣ ዒድ አል ፈጥርና አረፋ በኢትዮጵያ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የመንግሥት በዓላት ሆኑ፤ በእነዚያም ቀናት ቢሮ መዘጋት ጀመረ። ቀብር ግን በዒድም ቀን ቢሆን አይቆምም። አጣቢውም ከፋኙም ሰጋጁም ከጎረቤትና ከመስጂድ ይመጣል እንጂ ከቢሮ አይጠራም።

ሁለቱም መልሶች ሟችን በክብር ይሸኛሉ። በየትኛውም ግን የሞቱ ቀን ለመንግሥት በሚሆን ወረቀት ላይ አይሰፍርም። ለዚያ ወደ እድር እንሂድ።

የማይዘጋው ደብተር

እድር በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት በአዲስ አበባ የተስፋፋ ማኅበር ነው። ከየገጠሩ ወጥቶ፣ ዘመዱን ጥሎ ከተማ የገባ ሰው "ብሞት ማን ይቀብረኛል?" ብሎ ሲጨነቅ ያገኘው መልስ ነው ብትሉ ብዙም አትሳሳቱም። ዳኛ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ጸሐፊ አለው። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስትና ጎላ አለው። በየወሩ መዋጮ ይሰበሰባል፤ ቀብር የቀረ ይቀጣል። በድሮ ጊዜ ጎሕ ሳይቀድ ጡሩምባ ነፊው በየመንደሩ እየዞረ ያስነግር ነበር፤ ዛሬ ብዙ ቦታ ስልክና ቴሌግራም ተክተውታል።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ሰው ጸሐፊው ነው። ለሟች ቤተሰብ ገንዘብ ሲሰጥ በደብተሩ ላይ ይጽፋል፦ ማን ሞተ፣ ለአባሉ ምኑ ነው፣ መቼ፣ ስንት ተከፈለ፣ ማን ፈርሞ ተቀበለ። ጸሐፊው ስለ ሕዝብ ስታቲስቲክስ አስቦ አያውቅም፤ የሚያስበው ስለ ሒሳቡ ነው። ግን ሳያስበው የሞት መዝገብ ጽፏል። ያውም በፋሲካም፣ በመስቀልም፣ በእሑድም።

የአክስቴን ነገር ላጫውታችሁ። ቂርቆስ አካባቢ ትኖር የነበረች አክስቴ ካረፈች ከዓመታት በኋላ፣ ለውርስ ጉዳይ ሞቷን የሚያረጋግጥ ወረቀት ተፈለገ። "የሞቱበት ቀን?" ተባልን። እናቴ "ሚካኤል ነው" አለች። አጎቴም "ሚካኤል ነው" አለ። ሁላችንም ደስ አለን። "የየትኛው ወር ሚካኤል?" ሲባል ግን እናቴ "የጥር፣ ከጥምቀት ማግስት" አለች፤ አጎቴ "የለም፣ የኅዳር" ብሎ ማለ። ሁለቱም ትልልቅ ሚካኤሎች ናቸው። ሁለቱም የሰው ግርግር ያለባቸው።

እዚህ ላይ የምህንድስና ተማሪው ነቃ። የኛ ወራት ሁሉም 30 ቀን ናቸው፤ ጳጉሜን ብቻዋን ትለያለች። ስለዚህ የቅዱሳን ቀናት በየ30 ቀኑ ይመላለሳሉ፦ 12 ሚካኤል፣ 15 ቂርቆስ፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 22 ዑራኤል። "ሚካኤል" ማለት በሒሳብ ቋንቋ ቀኑ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው ቁጥር 12 ነው ማለት ነው። ቀሪውን ታውቃላችሁ፤ ስንት ሠላሳ እንዳለፈ ግን አታውቁም።

"እሺ፣ ዐርባዋ መቼ ነበር?" ብዬ ጠየቅሁ። "በማርያም!" አሉ በአንድ ድምፅ። ቁጠሩት፤ ከጥር 12 ጀምሮ 40ኛው ቀን የካቲት 21 ነው። ከኅዳር 12 ጀምሮ ደግሞ ታኅሣሥ 21። ሁለቱም ማርያም! "የተዘከረው በጾም ነው በፍስክ?" "በጾም።" ታኅሣሥ 21 የነቢያት ጾም ውስጥ ነው፤ ያን ዓመት ደግሞ በየካቲት 21 ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። ትዝታው ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ሁሉም ስለ ቀሪው ብቻ ይናገራል፤ ወሩን የሚለይ የለም።

ጉዳዩን የቋጨው የእድሩ ደብተር ነው። ጥግ ጥጉ በተቀዳደደ ገጽ ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ "ጥር 12" የሚል አንዲት መስመር ተገኘች። እናቴ ረታች።

የመንግሥት ሠራተኛ ሰፈር

ካዛንቺስ ስሙ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? በጣሊያን ወረራ ዘመን የመንግሥት ሠራተኞችን ቤት የሚሠራው ተቋም ስሙ ሲያጥር "ኢንቺስ" ይባል ነበር፤ "ካዜ ኢንቺስ" ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። በኛ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። ስለዚህ ሰፈሩ ከነስሙ የቢሮ ሰዎች ሰፈር ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ብሎ ነገር በስሙ ውስጥ ያለ ሰፈር፣ ነዋሪው ሲሞት ግን ለረጅም ዘመን የመንግሥት መዝገብ ላይ የሚያሰፍረው አልነበረም።

ሕጉ ጠፍቶ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ሲሆን የጸናው ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ሁለቱም ቀናት ቢሮ የሚዘጋባቸው በዓላት መሆናቸውን ልብ በሉልኝ፤ አንዱ የድል በዓል፣ ሌላው እንቁጣጣሽ። ሕጉ ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚጻፍባቸውን መዝገቦች "የክብር መዝገብ" ብሎ ሰይሟቸው፣ ማን እንደሚጽፍ፣ እንዴት እንደሚጻፍ በብዙ አንቀጾች ደንግጓል። ግን በማብቂያው አካባቢ አንዲት ማሰሪያ ገብታለች፦ ስለ መዝገቦቹ የተደነገገው ሥራ ላይ የሚውለው ወደፊት በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ በሚነገር ቀን ነው።

ያ ቀን ሳይነገር ንጉሡ ወረዱ። ደርግ መጣ፣ ቀበሌ ተቋቋመ፤ ደርግም ሄደ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የሞት ወረቀት የፈለገ ሰው ምስክር አቁሞ ከማዘጋጃ ቤት ያወጣ ነበር። የፈለገ ሰው፣ በፈለገ ጊዜ። ያልፈለገ ግን አይጠየቅም። ሁሉንም ሞት፣ የሁሉንም ሰው፣ በግዴታ የሚመዘግብ ሥርዓት አልነበረም። ቢሮው ለበዓል አልነበረም የተዘጋው፤ ገና አልተከፈተም ነበር።

በነሐሴ 2002 ዓ.ም. የአፍሪካ ሚኒስትሮች አዲስ አበባ ላይ ተሰበሰቡ፤ አጀንዳቸው የልደትና የሞት ምዝገባ ነበር። በዚህ ጉዳይ ላይ በሚኒስትሮች ደረጃ ሲሰበሰቡ የመጀመሪያቸው ነው። ከአዘጋጆቹ ዋናው እዚሁ ካዛንቺስ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ በተለምዶ ኢሲኤ የምንለው ነው። አህጉሩ ሙታኑን እንዴት ይቁጠር ተብሎ የሚታሰብበት ግቢ ካዛንቺስ ነው፤ ከግቢው አጥር ውጪ ያለው ካዛንቺስ ግን ሙታኑን ገና በእድር ደብተር ነበር የሚቆጥረው።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጣ። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ደግሞ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከፍትሐ ብሔር ሕጉ እስከዚህ ቀን ስትቆጥሩ 56 ዓመት ይሆናል። ኅዳር ሚካኤልና ጥር ሚካኤል ላይ የተጣሉት ቤተሰቦቼ እንግዲህ ብቻቸውን አልነበሩም።

ሠላሳና ዐርባ

አዲሱ ሕግ የበዓሉን ችግር የፈታው በጊዜ ነው። ሞት ከተከሰተ በኋላ ለማስመዝገብ 30 ቀን ይሰጣል፤ ለልደት 90 ቀን። የማስመዝገብ ግዴታ ያለበት መጀመሪያ ከሟች ጋር አብሮ ይኖር የነበረ ሰው ነው፤ እሱ ከሌለ ዘመድ፣ ዘመድ ከሌለ ጎረቤት። 30 ቀን ማንኛውንም የበዓል ሰንሰለት ይሻገራል። የ2016ቱን ፋሲካ እንኳ ያለ ጭንቀት ያልፈዋል። ስለዚህ ወረዳው በበዓል መዘጋቱ ብቻውን ማንንም ሰው ከመዝገብ አያስቀርም።

የሚያስቀረው ሌላ ነገር ነው። የኛ የኀዘን ቀን መቁጠሪያ የሚሄደው በሌላ ቁጥር ነው፦ ሠልስት፣ ዐርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት። "ዐርባዋ ይውጣና ወረቀቱን እናስባለን" ሲባል ስንቴ ሰምታችኋል? ጨዋነት ነው፤ ኀዘን ላይ ያለን ሰው ስለ ወረቀት ማናገር ነውር ነው። ግን ሒሳቡን ሥሩት። ዐርባው ሲወጣ ሠላሳው ካለፈ 10 ቀን ሆኖታል። ከዚያ በኋላ ማስመዝገብ አይቻልም ማለት አይደለም፤ የዘገየ ምዝገባ ይባላል፤ ተጨማሪ ማስረጃ ይጠይቃል፣ ያመላልሳል። የተመላለሰ ሰው ደግሞ ይሰለቻል፤ የሰለቸ ሰው ይተወዋል። ውርስ፣ የባንክ ሒሳብ ወይም የጡረታ ጉዳይ አስገድዶት ካልተመለሰ በቀር።

ሕጉና ባህሉ የተጋጩት በበዓል ሳይሆን በእነዚህ 10 ቀናት ነው። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ፣ ይህችን ያዙልኝ።

ሰኞ የገባ "ወረርሽኝ"

ወደ መዝገቡ ውስጥ እንግባ። እንበልና በአንድ አካባቢ በየቀኑ በአማካይ አንድ ሰው ይሞታል፤ ቤተሰቡም ሁሉ ትጉ ነውና ቢሮው በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን ይመዘገባል። በፋሲካው ሰሞን መዝገቡ ምን ይመስላል? ረቡዕ ዜሮ፤ ሐሙስ ሁለት፤ ዓርብ ዜሮ፤ ቅዳሜ ዜሮ፤ እሑድ ዜሮ፤ ሰኞ አራት! ግራፍ ብትሠሩበት ሰኞ ዕለት ወረርሽኝ የገባ ይመስላል፤ በስቅለት ደግሞ ሞት ራሱ እረፍት የወጣ። በእውነቱ ግን በየቀኑ የሞተው አንድ ሰው ነው። ያያችሁት የሞትን ቅርጽ ሳይሆን የወረፋን ቅርጽ ነው።

ይሄ የኛ ችግር ብቻ አይደለም። በኮሮና ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደይ ወራት፣ የእንግሊዝና የዌልስ ሳምንታዊ የሞት አኃዝ በዓለም ዙሪያ በጉጉት ይነበብ ነበር። አኃዙ የሚቆጠረው በምዝገባ ቀን ነው። የፋሲካቸው ዓርብና ሰኞ መዝጋቢ ቢሮዎች ስለሚዘጉ፣ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤታቸው "ቁጥሩ ዝቅ ቢል በሽታው ቀነሰ እንዳትሉ" እያለ ማስጠንቀቅ ነበረበት። እዚያ አገር ከቀብር በፊት ወረቀት ስለሚጠየቅ፣ ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች ቶሎ መቅበር ለሚፈልጉ ሙስሊምና አይሁድ ቤተሰቦች በበዓልና በእሑድ ተረኛ መዝጋቢ ያቆማሉ። ይሄም አንድ መልስ ነው፦ ቢሮው ይዘጋ፣ ተረኛ ግን ይኑር።

መፍትሔው አንድ ዓምድ ላይ ሁለተኛ ዓምድ መጨመር ነው፦ "የሞተበት ቀን" እና "የተመዘገበበት ቀን"። ሁለቱ ከተለያዩ ወረፋውን ከሞቱ መለየት ይቻላል። የመጀመሪያውን ዓምድ በትክክል መሙላት ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። የኛ አዛውንት ጎረቤት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው ያረፉት። ቀን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው የሚል ሰው "ቅዳሜ" ይላል፤ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው የሚል ደግሞ "ዓርብ ሌሊት" ይላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ መዝገቡ ላይ ግን ሁለት የተለያየ ቀን ይሰፍራል። አያቶቻችን ለዚህ የሰጡን ጥሩ ቃል አለ፦ "ለቅዳሜ አጥቢያ"። በሁለት ቀን መካከል ያለችውን ሌሊት ለየትኛው እንደምትሰጥ ቁርጥ አድርጎ ይናገራል።

መቃብር ላይ የቆመው ጸሐፊ

እስካሁን ያየናቸው መዝጋቢዎች ሁሉ፣ ከእድሩ ጸሐፊ በቀር፣ ሰው እስኪመጣላቸው የሚጠብቁ ናቸው። ግን ሌላ መንገድ አለ፦ ሞት የግድ የሚያልፍበት በር ላይ ሄዶ መቆም።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ የየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ጸሐፊዎች የተቀበሩትን ሰዎች ቁጥር በየሳምንቱ ያወጡ ነበር። ጆን ግራንት የሚባል የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ እነዚያን ወረቀቶች ለዓመታት ሰብስቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1662 አንድ ቀጭን መጽሐፍ አወጣ። የሕዝብ ቁጥር ሳይንስ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከዚያ መጽሐፍ ነው። ግራንት አንድ ነገር ጠርጥሯል። አስከሬን አይተው የሞቱን ምክንያት የሚናገሩ ሴቶች ነበሩ፤ በቂጥኝ የሞተን ሰው ቤተሰቡ ቢራ ሲጋብዛቸውና ጉርሻ ሲሰጣቸው "ከስቶ ነው የሞተው" ብለው ያስጽፉ ነበር ይላል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን አፍሮ ተሸፋፍኗል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በ1993 ዓ.ም. ኤችአይቪ ከተማዋን እያራቆተ ነበር። ስንት ሰው እየሞተ ነው? የሚል ሰው መልስ የሚያገኝበት መዝገብ የለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ያደረጉት ነገር ግራንትን ያስደስተው ነበር፦ በከተማዋ የመቃብር ቦታዎች ሁሉ መዝጋቢ አቆሙ። የኦርቶዶክስ፣ የሙስሊም፣ የካቶሊክ፣ የፕሮቴስታንት፣ የማዘጋጃ ቤት ሳይሉ። ቀብር ሲመጣ መዝጋቢው የሟችን ስም፣ ፆታ፣ ዕድሜና አድራሻ ይጽፋል፤ ቤተሰቡ "በምን ሞተ?" ተብሎ ሲጠየቅ የሚለውንም ይጽፋል።

በኤችአይቪ ነው የሚል ሰው ብዙ አልነበረም። "የሳንባ በሽታ" ይባላል። "አልማዝ ባለጭራ" ይባላል። ለንደን በቢራ የሸፈነችውን እኛ በስም ሸፈንነው። ተመራማሪዎቹ ግን ይህን ቤተሰባዊ ቃል ከሐኪም ቤት መረጃና ሐኪሞች ከሰጡት ግምገማ ጋር አስተያይተው፣ የትኛው ሽፋን ምን እንደሚሸፍን መለየት ቻሉ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑ በመቃብር መዝገብ ላይ ታየ። በሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ በኤድስ የሚሞተው አዋቂ ቁጥር፣ ያለ መድኃኒቱ ይደርስ ነበር ተብሎ ከተሰላው ከግማሽ በታች ወረደ።

አስቡት፤ ይህ የታወቀው የአገሪቱ የሞት ምዝገባ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነው። የታወቀውም ቀብር በዓል ስለማያውቅና መዝጋቢው ቀብሩ ያለበት ቦታ ላይ ስለቆመ ነው። ሰውን ከሞት ያተረፈ መድኃኒት እውነትም እንዳተረፈ የመሰከሩልን የመቃብር ጸሐፊዎች ናቸው።

ደብተሩ የት ነው?

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ሰፊው ክፍል ለኮሪደር ልማት ፈረሰ። ነዋሪው ገላን ጉራንና ሌሎች አካባቢዎችን ተከፋፍሎ ሄደ። ስለ መፍረሱ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የማነሳው አንዲት ነገር ብቻ ናት። እድር የሰፈር ማኅበር ነው። ሰፈር ሲበተን ድንኳኑን መከፋፈል፣ ብረት ድስቱን መሸጥ፣ በባንክ ያለውን ገንዘብ ማካፈል ይቻላል። ደብተሩን ግን ማካፈል አይቻልም። በአንድ ጸሐፊ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ወይም ዕቃ በተጫነበት ቀን ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ተጠቅልሎ የሆነ ቦታ ነው ያለው። ከሐምሌ 2008 በፊት የሞቱ የብዙ ሰዎች ትክክለኛ ቀን ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሁለት ሥራ ልስጣችሁ።

አንደኛው ለሚመጣው ነው። በቤታችሁ ወይም በጎረቤት በበዓል ሰሞን ሰው ቢያርፍ፣ ትልልቆቹ በኀዘንና በመስተንግዶ ስለሚያዙ ይህችን እናንተ ሥሯት፦ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን በወረቀት ጻፉ፤ ሌሊት ከሆነ "ለዚህ ቀን አጥቢያ" ብላችሁ። ሐኪም ቤት ከሆነ የሰጡትን ወረቀት አስቀምጡ። ከዚያ ዐርባን ሳይሆን ሠላሳን ቁጠሩ። ከሠልስት በኋላ፣ በሥራ ቀን፣ ከሟች ጋር ይኖር የነበረውን ሰው ይዛችሁ ወረዳ ድረስ ውረዱ። ነውር አይደለም። ሕጉ መዝገቡን የክብር መዝገብ ያለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ላለፈው ነው። የሰፈራችሁን የእድር ጸሐፊ፣ ሰፈራችሁ ከፈረሰም የቀድሞውን ጸሐፊ፣ ፈልጋችሁ አግኙ። "አባባ፣ የድሮው ደብተር የት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ካገኛችሁት ገጽ በገጽ፣ ብርሃን ባለበት፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ ፎቶውንም ለእሳቸው ልጆች አድርሱላቸው። ደብተሩን አትውሰዱባቸው። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራችሁ ስታገላብጡ ገናን፣ ጥምቀትን፣ ፋሲካን፣ ዒድን ታገኛላችሁ፤ በእያንዳንዱ አጠገብ ስም አለ፣ ቀን አለ፣ ፊርማ አለ።

የአክስቴ መስመር ያለችበት ደብተር ሦስተኛው ነበር። የመጀመሪያው የት እንደገባ ጸሐፊው አያውቁም። እስካሁን እየፈለጉት ነው።